ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን ምን ይሠራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከአዲስ አበባ ነው። ዘንድሮ የልጆች የግማሽ ዓመት እረፍት ሲደርስ ወደ ወሎ ልንሄድ ነው። ባለቤቴ «ሐይቅ ዳር ሦስት ሌሊት እናድራለን» ብሎ ቆርጧል። የ11 ዓመት ሴት ልጅና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። አማቼም አብረውን ይመጣሉ። ወሎ ተወልደው በልጅነታቸው የወጡ ናቸው። ጎረቤቶቻችንም ከነልጆቻቸው ይከተሉናል፤ እነሱ ሙስሊሞች ስለሆኑ የምግቡም ነገር ያሳስበኛል። እኔ ሐይቅን ያየሁት አንዴ ነው። ደሴ ለሠርግ ሄደን፣ በማግስቱ ብቅ ብለን፣ ዓሣ በልተን፣ ፎቶ ተነሥተን በሁለት ሰዓት ውስጥ ተመለስን። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ እያዩ ምን ይሠራል? ልጆቹ ስልክ ላይ ተተክለው እንዳይውሉ ሰግቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ደብዳቤሽ ደስ አሰኝቶኛል። ትንሽ ደግሞ ሆዴ ባር ባር ብሏል። የጻፍሽው የብዙ ሰው ታሪክ ነውና። መኪና ይቆማል፣ ዓሣ ይታዘዛል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ «በሉ እንሂድ፣ እንዳይመሽብን» ነው። እኔ ሐይቅ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ደሴ ገብቼ ዕድሜዬን በአስተማሪነት ጨርሻለሁ። አሁንም ወር ሳይሞላ ሐይቅ እመለሳለሁ። ሰው ሐይቃችንን በቀትር ብቻ አይቶ ሲሄድ ያንገበግበኛል። ቀትር ላይ የሚታየው ውሃ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ያለው ጠዋትና ማታ ነው። ስለዚህ ውሏችሁን በሐይቁ ሰዓት አድርጉት። በማለዳ ተነሡ፣ ቀትር ላይ ጥላ ሥር ዕረፉ፣ አመሻሹን ዳር ወጥታችሁ ተቀመጡ። እንዲህ ከሆነ ሦስት ቀን ያንሳችኋል እንጂ አይበዛባችሁም።

ከጠዋቱ ልጀምር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ልጆቹን ቀስቅሻቸው። ያጉረመርማሉ፤ ግድ የለም፣ ቀስቅሻቸው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የጥር ማለዳ ይበርዳል። ሹራብና ጋቢ ሳትይዢ እንዳትመጪ። ውሃው ላይ ጉም ተኝቶ ታገኙ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ድምፅ ነው። መቅዘፊያ ውሃውን ሲመታ ይሰማል። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ይሰማል። ሰዎቹ ግን አይታዩም። የረጋ ውሃ ድምፅን ሩቅ ይወስዳል። ቆይቶ ታንኳዋ ቀስ ብላ ከጉሙ ትወጣለች። ማታ የጣሉትን መረብ አንሥተው የሚመለሱ ዓሣ አጥማጆች ናቸው።

ወደ እነሱ ጠጋ በሉ። «እንዴት አደራችሁ? ቀናችሁ ወይ?» በያቸው። ወሎዬ ሰላም ካሉት ጨዋታ አይነፍግም። ልጆቹ ዓሣው ከመረቡ ሲላቀቅ ይዩ። ብዙውን ጊዜ ቆሮሶ ነው፤ አዲስ አበባ ጥላፒያ የምትሉት። ቆሮሶ የሐይቁ ጥንተ ነዋሪ እንዳልሆነ ንገሪያቸው። ሰው አምጥቶ የጨመረው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያኔ እኔ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ የስንቱ ቤት እንጀራ ሆኗል። ወንድ ልጅሽ መያዝ ከፈለገ ይያዝ፤ የጀርባው ክንፍ እሾህ ስላለው ግን ከራሱ በኩል ወደ ጭራው እያሻሸ ይሁን። ከጭራው ወደ ራሱ ከነካው ይወጋዋል።

በዚያው ሰዓት ወፎቹን ታገኛላችሁ። ጥር ጥሩ ወር ነው። በፈረንጅ አገር ክረምት ሲገባ ወደ እኛ የሚሰደዱ ዳክዬዎች ገና አልተመለሱም። ልጆች የሚወዱትን ሁለት ልንገርሽ። አንደኛዋ ጥቁር ናት። ግንድ ወይም ድንጋይ ላይ ቆማ ክንፏን እንደተሰጣ ልብስ ዘርግታ ታያታለሽ። ዓሣ ፍለጋ ውሃ ውስጥ ስትጠልቅ ላባዋ ይርሳል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ታደርቀዋለች። ሁለተኛዋ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ጭንቅላቷ ትልቅ፣ ምንቃሯ ረዥም የሆነች ትንሽ ወፍ ናት። አየር ላይ ባለችበት ቆማ ክንፏን ታርገበግባለች። ቁልቁል ታያለች። ከዚያ እንደ ድንጋይ ትወድቃለች። ስልካቸውን አትንጠቂያቸው። ይቺን ወፍ ስትወድቅ ቀርጸው ያሳዩሽ። ሴት ልጅሽ ይህን ሥራ ከያዘች ማለዳውን ሙሉ ከዚያ አትነሣም።

ጀልባ ከፈለጋችሁ እሱም በጠዋት ይሁን። ከቀትር በኋላ፣ በተለይ ከ8 ሰዓት ወዲያ፣ ነፋስ ይነሣል። አንድ ጊዜ የእህቴን ልጅ ይዤ 9 ሰዓት ላይ ተሳፈርኩ። ስንነሣ ውሃው መስታወት ይመስል ነበር። መሃል ስንደርስ ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን ይመታት ጀመር። ልጁ ጉልበቴን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ያለበሱት የአዋቂ የሕይወት አድን ጃኬት ነበር። ብብቱ ሥር ስይዘው ጃኬቱ ጆሮው ድረስ ወጣ። ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ልጁ ታች፣ ጃኬቱ ላይ ይቀሩ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ወጣን። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰዓቱን፣ የጃኬቱን ልክና የተሳፋሪውን ቁጥር ሳላይ ልጅ አላሳፍርም። ጃኬቱን ካለበሽው በኋላ ትከሻው ላይ ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው። አገጩን አልፎ ከወጣ ልኩ አይደለም። የልጅ ጃኬት ከሌለ ይቅርባችሁ። ሰው ከተጠቀጠቀም ውረዱ፤ ይሉኝታ አያስፈልግም። ዋጋውንም ደርሶ መልስ መሆኑን፣ ስንት ደቂቃ እንደሚዞር ጭምር ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ስለ ዋና ግን ጠበቅ ያለ ነገር ልንገርሽ። ልጆቹን ውሃ ውስጥ አታስገቢያቸው። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዳር ሲያዩት የዋህ ይመስላል። ግን ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ቦታ አለው። ከዳር ጥቂት ርቆ መሬቱ ከእግር ሥር ይጠፋል። ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ይጠነቀቃልም። ሰው የማይፈራው ሌላው ነገር ነው። ቢልሃርዚያ ማለቴ ነው።

የቢልሃርዚያ ትል የሚያድገው ቄጠማና ሣር በበዛበት፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከቀንድ አውጣው ሲወጣ በዓይን አይታይም። ውሃ ውስጥ የቆመ እግር ሲያገኝ ቆዳውን ሰርስሮ ይገባል። ብዙ የሚወጣውም ፀሐይ ሲበረታ፣ ልጆች እግራቸውን ሊነክሩ በሚጎመጁበት ሰዓት ነው። ማለት የሚያስፈራው ጥልቁ ብቻ አይደለም፤ «እዚህ ጋ እንኳ ጉልበትም አይደርስ» የምንለው ዳርም ነው። እኛ ልጆች ሆነን ይህን የነገረን አልነበረም። ከክፍሌ ስንቱ ሆዱን ይዞ ይቀመጥ ነበር። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ልጅሽ ባጋጣሚ እግሩን ቢነክር አትደንግጪ። ወዲያው በፎጣ አድርቂው። ምልክት ባይኖርም ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመርምሪው። ደህና መድኃኒት አለው፣ ይድናል።

በውሃው ፈንታ የዳሩን መሬት ስጫቸው። ደረቁ ላይ ቆመው ጠፍጣፋ ጠጠር በውሃው ላይ ያስሩጡ። ስንት ጊዜ እንደነጠረ ይቁጠሩ። ፀሐይ ስትበረታ ዛፍ ሥር ገበጣ አስቆፍሪያቸው። እኛ የምንጫወተው ሁለት ረድፍ ነበር፤ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር። 48 ጠጠር መልቀሙ ራሱ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። አጨዋወቱን እንዳትነግሪያቸው፤ አማትሽን ይጠይቁ። እሳቸው በልጅነታቸው የወጡ ናቸው አልሽኝ። እጃቸው ጠጠሩን ሲይዝ ስንት ነገር እንደሚመጣላቸው ታያለሽ።

ስለ ምግብ ጠንቀቅ ማለትሽ ደግ ነው፤ ለጎረቤት ማሰብሽም ያስመሰግንሻል። ግን እዚህ አትጨነቂ። የሐይቅ ዳር ትልቁ ጸጋ ይህ ነው እላለሁ። ሥጋ ሲሆን የክርስቲያን፣ የእስላም ተብሎ ይለያል። ዓሣ ግን አይታረድም፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላዋል። እኛ ቤት አክስቴ ሙስሊም ባል አግብታ ነበር፤ ወሎ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። ዘመድ ሁሉ ሲሰበሰብ እናቴ ሁለት ድስት ትጥድ ነበር። ዓሣ ከተገኘ ግን ድስቱ አንድ ነው። አክስቴ ያን ቀን ኩሽና ገብታ ከእናቴ ጋር አብራ ስትሠራ አስታውሳለሁ። ሽንኩርቱን አንዷ ትከትፋለች፣ ሌላዋ ታቁላላለች። ሲደርስ አባቴ ደጅ ወጥቶ መንገደኛውን ሳይቀር «አርሂቡ!» ይል ነበር፤ ኑ፣ አብረን እንብላ ማለቱ ነው። አማትሽ ይህን ቃል ያውቁታል። ልጆችሽም ይልመዱት። ውጭ ተቀምጣችሁ ስትበሉ የሚያልፍ ሰው ካለ «አርሂቡ» በሉ።

ዓሣውን ስታዝዢ ለልጆቹ ፊሌቶ ይሻላል፤ አጥንት የለውም። ለእናንተ ግን ሙሉውን በደንብ የተጠበሰ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ በአዋዜ ብሉ። ጥሬ ወይም ለብለብ ያለ አትብሉ። ከመታዘዙ በፊት «የዛሬ ነው?» በይ። ዓይኑ የጠራና ጎላ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ ከሆነ የዛሬ ነው። ዓይኑ ከጎደጎደና ከደፈረሰ ሽሮ እዘዙ። አማትሽ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ቀድመሽ ጠይቂያቸው። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ። ገበታ ላይ ቀርቦ «አልበላም» ከማለት ያድናቸዋል።

ገዳሙን ማንም ይነግርሻል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ድሮ ደሴት ላይ ነበር፤ አሁን ምድሩ ከዳር ጋር ተገናኝቶ በእግር ይገባል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ትልቅ የትምህርት ቦታ ያደረጉት ገዳም ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ይባል ነበር፤ በነገሥታቱ ዘንድ ከፍ ያለ ማዕረግ ነበር። የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ሐይቁን በሰዓቱ ኑሩበት የምለው እኔ ይህን ስም ሁልጊዜ እወደዋለሁ።

ገዳሙ ሴት አያስገባም። ይህን ለሴት ልጅሽ ከአዲስ አበባ ሳትነሱ ንገሪያት። በር ላይ ደርሳ አትስማው። እኔ የሰማሁት በር ላይ ነው። የእሷ ዕድሜ ላይ ነበርኩ። አባቴ ታናሽ ወንድሜን ይዞ ገባ፤ እኔና እናቴ ውጭ ቀረን። አለቀስኩ። እናቴ ነጠላዋን አንጥፋ አስቀመጠችኝና የሐይቁን ተረት አወራችኝ። ድሮ እዚህ ቦታ ውሃ አልነበረም አለች። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች። አንዲት ልዕልት በደለቻት። ፈጣሪ ተቆጣና ምድሩን ሁሉ ውሃ አደረገው። ልዕልቲቱም ዘመዶቿም ሰጠሙ። የተረፈው ሴቲቱ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ነው። «ያ ነው» አለችኝ፣ በጣቷ ወደ ገዳሙ እያሳየች። እኔም «ታዲያ ሴት የተቀመጠችበት ከሆነ እኛ ለምን አንገባም?» አልኳት። እናቴ ቶሎ አልመለሰችልኝም። ፀጉሬን ስትዳብስ ቆየችና «እኛም ከውጭ ሆነን እናየዋለን፤ ከውጭ ደግሞ ሙሉው ነው የሚታየው» አለችኝ።

ስለዚህ ባልሽና ልጅሽ ሲገቡ እናንተ በር ላይ ቆማችሁ አትጠብቁ። ገዳሙ በሙሉ የሚታይበት ዳር ፈልጋችሁ ተቀመጡ። ወንዶቹ ሲወጡ ያዩትን ይንገሯችሁ፤ እናንተም ተረቱን ንገሯቸው። ጎረቤቶችሽም ከእናንተ ጋር ቢሆኑ ደስ ይላል። በኅዳር 26 አካባቢ፣ የአባ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ሲደርስ፣ መንገዱ በሰው ይሞላል። በጥር መጨረሻ ግን ጸጥ ያለ ነው።

ሁለተኛውን ቀን ለአርዲቦ ስጪው። ይህ የኔ ምርጫ ነው፣ ምርጫዬንም አልደብቅም። አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ያለ ሌላ ሐይቅ ነው። ውሃው አንከርካ በሚባል ወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ከሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ይህን ለልጆቹ አስቀድመሽ ከነገርሽ ጉዞው ወንዙን ፍለጋ ይሆንላቸዋል። መንገዱ አስፋልት አይደለም። መኪናችሁ ዝቅ ያለች ከሆነ የአገሬውን ሰው ጠይቃችሁ ሌላ መኪና ያዙ። እዚያ የምግብ ቤት ተስፋ አታድርጉ። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝና ውሃ ይዛችሁ ውጡ፤ ልጣጩንና ፕላስቲኩን ይዛችሁ ተመለሱ። ከላይ ሆናችሁ ማሳውን፣ ከብቱን፣ የውሃውን ዳር ስታዩ ድምፅ የሚያሰማችሁ እረኛ ብቻ ነው። እረኞቹ ልጆች ናቸው። ልጆችሽ ብስኩት ይዘው አይሂዱባቸው፤ ኳስ ይዘው ይሂዱ። ብስኩት ይሰጣል፣ ያልቃል። ኳስ ካለ አብረው ይጫወታሉ።

ሦስተኛውን ቀን ልቀቂው። ማለዳውን የወደዱትን ይድገሙት። አየሩ ከከፋ ወይም ልጆቹ ከተማ ካማራቸው ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ነች፤ ሙዚየሙን አይታችሁ ከሰዓት ትመለሳላችሁ። ቀኑ ሰኞ ከዋለና በማለዳ ከተነሣችሁ የባቲ ገበያም አለ። እሱ ግን ከኮምቦልቻም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ቀኑን ይበላል። ለእኔ ሐይቁን ትቶ የሚሄዱበት አይደለም።

ማታ ምን ይደረጋል ብለሽ አታስቢ። እራት በጊዜ ብሉ። ውጭ ጋቢ ለብሳችሁ ተቀመጡ። መብራት ከጠፋ እሰየው፤ ከዋክብቱ ውሃው ላይ ይወርዳሉ። «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ይጀመር። ያልመለሰ አገር ይስጥ። የጎረቤትሽ ልጆችና የአንቺ ልጆች አገር ሲሰጣጡ፣ አዲስ አበባን ማንም መስጠት ሳይፈልግ፣ እኩለ ሌሊት ይቀርባል። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ ሰው በስልክ ጠይቁ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በማለዳ ተነሥታችሁ በቀን ግቡ፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በጨለማ አትውጡ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምሠራ ወጣት ነኝ። መንጠቆ ገዝቻለሁ። ቅዳሜና እሑድ ሐይቅ ሄጄ ዓሣ ማጥመድ እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እዚያ ያሉትን አጥማጆች ሰላም በላቸው። በማኅበር ተደራጅተው የሚኖሩበት ውሃ ነው። የት መቆም እንደምትችልና ምን እንደሚፈቀድ እነሱ ይነግሩሃል። መረባቸው ከተጣለበት ራቅ በል። ለቆሮሶ የምድር ትል ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ ይበቃል፤ መንጠቆው ትንሽ ይሁን። አምባዛ ከፈለግህ ወደ ማታ ነው፣ ከሥር ነው፣ መንጠቆውም ከፍ ያለ ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ከመረብ አንዲት ቆሮሶ አወጡ። አፏን በአውራ ጣታቸው ከፈት አደረጉና «ነይ እዪ» አሉኝ። አፏ ውስጥ እንደ ሽንብራ ፍሬ ቢጫ የሆነ እንቁላል ሞልቷል። ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጫጩቶቹም ከወጡ በኋላ ሲደነግጡ ተመልሰው እዚያው ይገባሉ። ያን ሁሉ ጊዜ እህል አትቀምስም ማለት ይቻላል። ሽማግሌው ምንም ሳይሉ ጎንበስ ብለው ውሃ ውስጥ ለቀቋት። ያን ቀን የያዙት ብዙ አልነበረም። አንተም ትንሽ ዓሣ ከያዝክ እጅህን አርጥበህ ያዘው፣ መንጠቆውን በዝግታ አውጣ፣ መልሰው። የተበጠሰ ክርህን ሰብስበህ ሂድ። ወፍ እግሩ በክር ተተብትቦ አይቻለሁ፤ ክሩን ለመፍታት ሦስት ሰው አስፈልጎናል።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያምን ልሳለም እሄዳለሁ። ስመለስ አንድ ቀን አለኝ። ሐይቅ መቆየት ይገባኛል ወይስ ደሴ ልረፍ?

መልስ፦ አባቴ፣ ሐይቅ ይረፉ። በውጫሌ በኩል የሚመለሱ ከሆነ መንገድዎ ላይ ነው። ግሸንን ወጥቶ የወረደ ጉልበት ሌላ ዳገት አይፈልግም፤ ደሴ ደግሞ ዳገት ናት። በዚያ ሰሞን ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ዳሩ አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባ አለ፣ ውሃውም ሞልቷል። ማደሪያ ግን አስቀድመው ይያዙ፤ ከግሸን የሚመለሰው ሕዝብ ብዙ ነው። ከሐይቅ ከተማ እስከ ውሃው ትንሽ ይርቃል፣ በእግርዎ አይሂዱ፤ ባጃጅ አለ። ሲደርሱ ሌላ ምንም አይሥሩ። ጫማዎን ያውልቁና ሣር ላይ እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ። ቡና ያስፈሉ። የምታፈላዋ ልጅ «ጨው ወይስ ስኳር?» ብላ ከጠየቀችዎ ጨው ይበሏት።